«ዌይቹ»ን በሆድ መማር፦ አስቸጋሪዋ የቻይንኛ ቃል ከድምጿ እስከ አጠቃቀሟ

ቻይንኛ ጀምራችሁ «ኒ ኻኦ»ውን (ሰላምታውን) «ሺየሺየ»ውን (ምስጋናውን) ጨርሳችሁ ወደ ላይኛው ደረጃ ስትጠጉ አንድ ቃል ትመጣለች፣ ዌይቹ ትባላለች። ድራማ ላይ ትሰሟታላችሁ፣ ዊቻት ላይ (የቻይኖች የሜሴጅ አፕ ነው) ታዩዋታላችሁ፣ ዲክሽነሪ ስትከፍቱ ደግሞ በእንግሊዝኛ «የተበደለ፣ ቅሬታ ያለው» ምናምን ይላችኋል፣ እናንተም ደብተር ላይ «ዌይቹ ማለት መበደል» ብላችሁ ትጽፉና ታልፋላችሁ። እኔም እንደዛው ነው ያደረኩት። ጉዴ የፈላው በኋላ ነው።

አንድ የቻይና ድርጅት ውስጥ አስተርጓሚ ሆኜ ስሰራ ነው፣ የድርጅቱ ስም ይቅር። ስቶር የሚይዙ አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ኮንቴይነር ዘግይቶ ገባና ሁለት ሳምንት ሙሉ እያመሹ፣ እሁድ ሳይቀር እየገቡ እቃ ቆጠሩ። ሲያልቅ ቻይናዊው ማናጀር መጣና እጃቸውን በሁለት እጁ ይዞ «ጀ ዱዋን ሽጂየን ዌይቹ ኒን ለ» አላቸው። እኔ ደብተሬ ትዝ አለኝና በኩራት «በዚህ ሰሞን በድለንዎታል እያለ ነው» አልኳቸው። ጋሼ ዝም ብለው አዩኝ። ከዛ «አመነ?» አሉኝ። «እ?» አልኩ። «በድያለሁ ብሎ በራሱ አፍ ካመነማ ይካሰኛ፣ የእሁዱን ኦቨርታይም ይጻፍልኝ በለው»። ማናጀሩ ፈገግ ብሎ መልሱን እየጠበቀ ነው፣ እኔ ደግሞ ላብ ላብ ብሎኛል። ሰውየው ያለው «ብዙ አስቸገርንዎት፣ ችለውናል» ነበር እንጂ የጥፋት ኑዛዜ አልነበረም። ኦቨርታይሙ መከፈል ነበረበት ወይ ካላችሁኝ ነበረበት፣ እሱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ስለዚ ይቺን ቃል ከስሯ ጀምረን እንያት። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበላችሁ፣ በእንግሊዝኛ በኩል አትዙሩ። እንግሊዝኛ ለዚች ቃል አንድ ልክክ የሚል ቃል የለውም፣ አማርኛ ግን አለው፣ «ሆድ ባሰኝ» እንላለን አይደል? በቃ ይሄን ይዛችሁ ግቡ፣ የት ላይ እንደሚገጥምና የት ላይ እንደሚከዳችሁ እየነገርኳችሁ እንሄዳለን።

ስቴፕ 1፦ አፍና ጆሮ

ቃሉ ሁለት ድምፅ ነው፣ ዌይ እና ቹ። ቻይንኛ ላይ ድምፁ ከፍና ዝቅ ሲል ትርጉሙ ይቀየራል፣ ያ ከፍና ዝቅ ማለት ነው ቶን የሚባለው። ዌይ 3ኛ ቶን ናት። 3ኛ ቶን ማለት መፅሀፍ ላይ ወርዶ የሚወጣ ተብሎ ይሳላል ግን ከኋላው ሌላ ድምፅ ሲከተል አይወጣም፣ ዝቅ ብሎ እዛው ታች ይቀራል። ቹ ደግሞ ሜይንላንድ (ዋናው ቻይና) ላይ ቶን የላትም፣ አጭርና ቀላል ናት፣ ከ3ኛ ቶን ቀጥሎ ስለምትመጣ ግን ትንሽ ከፍ ትላለች። በአይነ ህሊናችሁ ዌይ ጉድጓድ ውስጥ ናት፣ ቹ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ብድግ ያለች። የታይዋን ሰው ካጋጠማችሁ ቹን በ1ኛ ቶን ረዘም አድርጎ ሲላት ትሰማላችሁ፣ እሱም ልክ ነው፣ አትከራከሩት።

ዌይን በ4ኛ ቶን ካላችኋት ጨጓራ ትሆናለች፣ በ2ኛ ቶን ካላችኋት ደግሞ ስልክ ስታነሱ የምትሉት «ሄሎ» ናት። ሆድ ባሰኝ ልትሉ ጨጓራ እንዳትሉ፣ ምንም እንኳን ነገሩ ባይራራቅም።

ቹ ላይ ሀበሻ ሁለት ስህተት ይሰራል። አንደኛው «ጭ» ማለት ነው፣ አይደለም፣ የኛው «ች» ናት ግን ትንፋሽ ጨምሩበት፣ መዳፋችሁን አፋችሁ ፊት ብታደርጉ ነፋሱ ሊሰማችሁ ይገባል። ሁለተኛው አናባቢዋ ነው። ፒንዪን (ቻይንኛን በላቲን ፊደል መጻፊያው) ላይ እንደ «ኡ» ተፅፋ ታዩዋታላችሁ ግን «ኡ» አይደለችም። «ኢ» በሉ፣ ምላሳችሁን እዛው ተዉት፣ ከንፈራችሁን ብቻ ልታፏጩ እንደሆነ አሹሉት። ያ ድምፅ ነው። ልሙጥ «ቹ» ካላችሁ ቻይናዊው የሚሰማው «መውጣት» የሚለውን ቃል ነው።

አንድ ተጨማሪ፣ ብዙ ኮርስ ላይ የማይነገር። «በጣም» ማለት ኸን ነው፣ እሱም 3ኛ ቶን ነው። ሁለት 3ኛ ቶን ጎን ለጎን ሲሆኑ የፊተኛው ወደ 2ኛ ይቀየራል፣ ስለዚ «ኸን ዌይቹ» ስትሉ ኸን ወደ ላይ ትወጣለች ከዛ ዌይ ትወርዳለች። «ኒ ዌይቹ» ስትሉም ኒ እንደዛው ትሆናለች። ይሄን ሳትይዙ ካለፋችሁ አረፍተ ነገሩ ሁሌ ጎርበጥ ይላል፣ ለምን እንደሆነም አይገባችሁም።

ስቴፕ 2፦ ሁለቱን ፊደሎች ፈታ አድርጉ

ዌይ የምትጻፈው ከላይ የቆመ እህል፣ ከስር ሴት ናት። ቹ ደግሞ ከላይ እንደ ጣራ የተዘረጋ «ገላ» ወይ «ሬሳ» የሚባለው ክፍል አለ፣ ከስሩ «መውጣት» የምትለዋ ፊደል ተቀምጣለች፣ አዎ ቅድም ተሳስታችሁ እንዳትሏት ያልኳችሁ ራሷ። ሁለቱም ፊደሎች እያንዳንዳቸው 8 ጭረት ናቸው፣ እህሉ 5 ሴቷ 3፣ ገላው 3 መውጣቱ 5። እኔ በማስታወሻ መልክ እህል ተሸክማ የጎበጠች ሴትና መውጣት ፈልጎ ጣራው የከለከለው ሰው ብዬ ነው የያዝኳቸው። ይሄ የኔ ፈጠራ ነው፣ የፊደሎቹ ታሪክ ነው ብላችሁ ለሰው እንዳትናገሩ።

ቁም ነገሩ ሁለቱም ውስጥ «መታጠፍ፣ መጉበጥ» የሚል ትርጉም መኖሩ ነው። ቹ በተለይ ግልፅ ናት፣ ቹፉ ማለት እጅ መስጠት፣ ቹሺ ማለት ጉልበት ማጠፍ ነው። ዌይ ሌላ ስራም አላት፣ ዌይቱዎ ሲባል ለሰው አደራ መስጠት፣ ዌይዩዌንኹዌይ ሲባል ኮሚቴ። ኮሚቴ ውስጥ የሰራ ሰው ከሆድ መባስ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ሳልነግረው ይገባዋል። እና ስታገጣጥሟቸው ዌይቹ ማለት ሰውየው ቀጥ ብሎ መቆም ሲገባው ጎንበስ ብሎ ያሳለፈው ነገር ማለት ነው። ጎንበስ ብሎ ማሳለፍ ደግሞ እኛ አገር ማን ያላወቀው አለ።

በነገራችን ላይ ቹ የሰው ስምም ናት፣ ማለቴ የቤተሰብ ስም። ቹ ዩዌን የሚባል ትልቅ ገጣሚ ነበር፣ የቹ መንግስት ባለስልጣን፣ (የመንግስቱ ስም ቹ ሌላ ፊደል ነው፣ ልሙጧ ቹ ናት)፣ በወሬ አሳባቂ ምክንያት ንጉሱ አባረረው፣ ተሰደደ፣ በመጨረሻም ከክርስቶስ ልደት በፊት 278 አካባቢ ሚሉዎ የሚባል ወንዝ ውስጥ ራሱን ጣለ ይባላል። ቻይኖች በየአመቱ በጨረቃ አቆጣጠራቸው በ5ኛው ወር በ5ኛው ቀን ዘንዶ በሚመስል ጀልባ እየተወዳደሩ፣ በቅጠል የተጠቀለለ የሩዝ ቅቅል እየበሉ ያስቡታል። የስሙ ፊደል ከኛዋ ቹ ጋር አንድ መሆኑ አጋጣሚ ነው፣ ፊደሏን ለመያዝ ግን ከዚ የተሻለ ታሪክ አላገኘሁም።

ስቴፕ 3፦ ስሜቱን ያዙ

ይሄ ዋናው ነው፣ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ልጆች አሉ። ትንሹ ብርጭቆ ሰበረ። እናት ከኩሽና መጣችና ትልቋን «አንቺ ትልቅ አይደለሽ እንዴ፣ አታይውም ነበር?» ብላ ተቆጣች። ልጅቷ ምንም አልሰራችም። መልስ መስጠት ትችላለች ግን አትሰጥም፣ ከንፈሯ ብቻ ይንቀጠቀጣል፣ ሄዳ ጥግ ትይዛለች። ቻይና ውስጥ ይሄ ትእይንት የታወቀ ነው፣ እንደውም የእናትየው አነጋገር ራሱ የታወቀ ነው፣ «ኒ ሽ ጂየጂየ፣ ራንግጀ ዲዲ» ይባላል፣ «አንቺ እህት ነሽ፣ ለወንድምሽ ተይለት»። እንግዲህ ልጅቷ ጥግ ይዛ የሚሰማት ነገር ነው ዌይቹ። ንዴት አይደለም፣ ሀዘንም አይደለም፣ መበደል ብቻም አይደለም።

እዚ ውስጥ ሶስት ነገር አለ። የማይገባኝ ነገር ደርሶብኛል፣ ዋጥ አድርጌዋለሁ፣ ያደረሰብኝ ደግሞ እንዲህ ያደርገኛል ብዬ የማልጠብቀው ሰው ነው ወይ ደግሞ አፍ አውጥቼ የማልመልስለት ሰው ነው። ከሶስቱ አንዱን ብታነሱት ቃሉ ይላላል። ለምሳሌ ታክሲ ውስጥ የማታውቁት ሰው ቢሰድባችሁና መልሳችሁ ብትሰድቡት ዌይቹ የለም፣ ያ ሸንግቺ ነው፣ መናደድ። ተሰድባችሁ ዝም ብላችሁ ወርዳችሁ ቤት ገብታችሁ እናታችሁ «ምነው ፊትህ ልክ አይደለም?» ስትላችሁ እንባችሁ ከመጣ ግን እሱ ዌይቹ ነው።

እንደውም ዌይቹ የምትፈነዳው ብዙ ጊዜ የሚያፅናና ሰው ሲመጣ ነው። ህፃን ልጅ ወድቆ አቧራውን አራግፎ እየሄደ እናቱን ሲያይ ነው የሚያለቅሰው። እኛ ሆዱ ባሰው እንላለን፣ እነሱም ዌይቹ ለ ይላሉ።

የገረመኝ ደግሞ ይሄ ነው። ቻይኖች ብዙ ዌይቹ ያለበትን ሰው «ዪ ዱዝ ዌይቹ» አለበት ይላሉ። ዱዝ ማለት ሆድ ነው። ሙሉ ሆድ ዌይቹ፣ ሆድ ሙሉ ብሶት ማለት ነው። እኔ ይሄን የሰማሁ ቀን ደብተሬ ላይ ያለውን «መበደል» ሰርዤ «ሆድ መባስ» ብዬ ፃፍኩ፣ ከዛ በኋላ አንድም ቀን አልጠፋችኝም።

ስቴፕ 4፦ አረፍተ ነገር ውስጥ አስገቧት

ቃሏ ቅፅልም ስምም ግስም ትሆናለች፣ ይሄ ነው ተማሪን የሚያምሰው። ግን በስራ ላይ የሚያስፈልጓችሁ ጥቂት ቅርፆች ናቸው።

በመጀመሪያ ስሜትን መናገር፣ «ወ ጁዌደ ኸን ዌይቹ»፣ ሆዴ ባሰ፣ ወይ ቃል በቃል በጣም ዌይቹ ይሰማኛል። ቀላሏ ይቺ ናት፣ በዚች ጀምሩ።

ሁለተኛዋ «ሾው ዌይቹ» ናት፣ ሾው ማለት መቀበል፣ መሸከም ነው። «ታ ሾውለ ኸን ዱዎ ዌይቹ» ስትሉ እሷ ብዙ ነገር ተሸክማ አሳልፋለች ማለታችሁ ነው። እዚ ላይ ዌይቹ ስም ሆናለች፣ ስለዚ ብዙ፣ ትንሽ፣ ሙሉ ሆድ ብላችሁ መለካት ትችላላችሁ። ከገጠር ወጥተው ትልልቅ ከተማ ፋብሪካ የሚሰሩ ቻይኖች ይቺን ቅርፅ ይጠቀሟታል፣ «ዛይ ዋይሚየን ሾው ዌይቹ»፣ ሰው አገር የሚደርስ ነገር። ለእናት ሲደወል ግን አይነገርም። ለሱም አባባል አላቸው፣ «ባኦ ሺ ቡ ባኦ ዮው»፣ ደስታን ንገር ጭንቀትን አትንገር። ቤሩት ወይ ጅዳ ሆና «እኔ ደህና ነኝ እማዬ፣ ምንም አልሆንኩ» ብላ ስልኩን ዘግታ ያለቀሰች እህት ያለችው ሰው ይሄን ለማስረዳት የኔ መመሪያ አያስፈልገውም።

ሶስተኛዋ ድርጊት ላይ የምትለጠፈዋ ናት፣ «ዌይቹ ደ ኩ ለ»፣ ሆዱ ብሶት አለቀሰ። ፅሁፍ ላይ ብዙ ታጋጥማችኋለች።

አራተኛዋን በጣም እወዳታለሁ፣ «ቢየ ዌይቹ ዝጂ»። ራስህን ዌይቹ አታድርግ። ገበያ ወጥታችሁ ርካሹን ጫማ ልታነሱ ስትሉ ጓደኛችሁ የሚላችሁ ነው፣ ወይም በልቶ ያልጠገበን ሰው «ጨምር እንጂ» ለማለት፣ ወይም ከማይሆን ሰው ጋር ለምትኖር ልጅ። እዚ ጋ ይገርማችኋል፣ «በደል» የሚለው ቃል ልክክ ይላል፣ «ራስህን አትበድል» ነው የምንለው እኛም። ደብተራችሁ ላይ የፃፋችሁት ትርጉም ጭራሽ ውሸት አልነበረም ማለት ነው፣ ቦታው እዚ ነበር።

አምስተኛዋ ስለታም ናት። አንድ ሰው ራሱ አጥፍቶ ራሱ ሲያኮርፍ «ኒ ዌይቹ ሸንመ?» ይሉታል። አንተ ደግሞ ምን ሆንክ ብለህ ነው ሆድ የሚብስህ? እንደማለት ነው። በፀብ መሀል ካልሆነ አትጠቀሟት፣ በተለይ ለአለቃ።

አሁን ወደ ስህተቱ እንምጣ፣ ይሄን ሁሉም ሀበሻ ይሰራዋል። በአማርኛ «ተበደልኩ» ብለን ተደራጊ ስለምናደርገው፣ ቻይንኛ ላይም የተደራጊ ምልክቷን ቤይን አምጥተን «ወ ቤይ ዌይቹ ለ» እንላለን። ጆሮ ይቆረጥማል። ቻይናዊ ይገባዋል ግን ፊቱ ላይ ታዩታላችሁ። ትክክለኛው «ወ ሾው ዌይቹ ለ» ነው፣ ወይም የሀሰት ክስ ከሆነ ሌላ ቃል አለ፣ ወደ እሱ እንመጣለን።

ስቴፕ 5፦ እኔን ያዋረደችኝ ቅርፅ

«ዌይቹ ኒ ለ»፣ ለትልቅ ሰው ሲሆን «ዌይቹ ኒን ለ»። ቃል በቃል ዌይቹ አደረግንህ። ይሄ የትህትና ንግግር ነው። አማርኛ ላይ ከ«በደልንህ» ጋር ሳይሆን ከ«አስቸገርንህ»፣ ከ«አጉላላንህ»፣ ከ«ዛሬን እንደምንም ቻለው» ጋር ነው የሚሄደው። «ሆድ ባሰኝ» ያልኳችሁ ቁልፍ እዚ በር ላይ አይሰራም፣ ማንም ሰው እንግዳውን «ሆድ አስባስኩህ» አይለውም።

መቼ ትባላለች? እንግዳ መጥቶ አልጋ አልበቃ ብሎ ሶፋ ላይ ስታስተኙት፣ «ዌይቹ ኒ ዪ ዋንሻንግ»፣ ለአንድ ሌሊት ቻለው። አዲስ ሰራተኛ ቢሮ እስኪገኝለት ኮሪደር ላይ ጠረጴዛ ስትሰጡት። አንዱ ከአቅሙና ከደረጃው በታች የሆነ ስራ ለጊዜው እንዲይዝ ሲጠየቅ። ሚስት ባሏ ስራ ፈትቶ ቤቱን ለብቻዋ ስትይዝ ባል ለሚስቱ ይላታል፣ እዚ ጋ ትህትና ብቻ ሳይሆን እውነተኛ ምስጋናም ይቅርታም አለበት። ዋናው ሀሳብ «ካንተ ክብር በታች የሆነ ነገር አሸክሜሃለሁ፣ አውቄዋለሁ» ነው። ለዛ ነው ምስጋና ሆና የምትሰማው።

መልሱ «ቡ ዌይቹ» ነው፣ ወይም «ሜይ ሽ»፣ ምንም አይደል። ቡ ዌይቹ ስትሉ «ኧረ ምንም አልተጎዳሁም» ማለት ነው። የኛ «ኧረ ምን ገዶኝ» ነው በቃ።

እና ስታስተረጉሙ መጀመሪያ ጠይቁ፣ ከዌይቹ ኋላ ሰው አለ ወይ? ኒ (አንተ/አንቺ)፣ ኒን (እርስዎ)፣ ታ (እሱ/እሷ) የመሰለ ነገር ተከትሎ መጨረሻ ላይ ለ ካለች ብዙ ጊዜ ትህትና ነው። ከፊቷ ሾው ወይ ጁዌደ ካለ ስሜት ነው። ይቺን አንድ ነገር አውቄ ቢሆን ኖሮ ጋሼ ፊት ላብ አያልበኝም ነበር።

ስቴፕ 6፦ ከእህቶቿ ለዩዋት

ዩዋንዋንግ የሚባለው ቃል በጣም ይቀርባታል። ዩዋንዋንግ ያላደረጋችሁትን አድርጋችኋል ብሎ መክሰስ ነው። የዩዋን ፊደል ራሷ ክዳን ስር ያለች ጥንቸል ናት፣ ያን የሳለ ሰው ነፍሱን ይማረው፣ አንዴ ያየ አይረሳትም። ከካዝና ገንዘብ ጠፋና አንተ ነህ የወሰድከው ከተባልክ «ወ ቤይ ዩዋንዋንግ ለ» ትላለህ፣ እዚ ጋ ቤይ ትሰራለች። ገንዘቡ ተገኝቶ ማንም ይቅርታ ሳይልህ ሁሉም ወደ ስራው ሲመለስ የሚሰማህ ደግሞ ዌይቹ ነው። ዩዋንዋንግ የሆነው ነገር ነው፣ ዌይቹ ውስጥህ የቀረው። ዩዋንዋንግ ሌላም ጥቅም አላት፣ በከንቱ የወጣ ብር ዩዋንዋንግ ቺየን ይባላል፣ ተሳስተህ ዞረህ የሄድከው መንገድ ደግሞ ዩዋንዋንግ ሉ፣ ዌይቹ እዚ አትገባም።

ናንጉዎ ጠቅላላ ማዘን ነው፣ ሰው ሲሞት ናንጉዎ እንጂ ዌይቹ አይደለም። ሞት ማንንም አይበድልም አይደል፣ ቢያንስ በሰዋሰው። ቺኩዊ ደግሞ መክሰር ነው፣ ቃል በቃል ጉድለት መብላት፣ ሂሳብ ያለበት። በክፍያ ቺኩዊ ሆነህ ምንም ላይመስልህ ይችላል፣ ዌይቹ ግን ሳይመስልህ አይሆንም። ቢየቹ የምትባል የንግግር ቃልም አለች፣ ከኛዋ ጋር አንድ ቹ ነው የያዙት፣ የታፈነ ዌይቹ በሏት፣ መናገርም ማልቀስም አቅቶ ደረት ላይ የሚቀር። የእግር ኳስ ደጋፊዎች ቡድናቸው አጥቅቶ አጥቅቶ በ90ኛው ደቂቃ ሲሸነፍ ይጠቀሟታል፣ ይሄ ስሜት ከማንም አይጠፋችሁም።

ስቴፕ 7፦ ፅሁፍ ላይ ያለችው መንትያ

ዌይቹ ቺዩቹዌን የሚባል ባለአራት ፊደል አባባል አለ። ትርጉሙ ራስን አጥፎ ነገሩ እንዳይፈርስ ማድረግ ነው፣ ለሰላም ሲባል መዋጥ። «ለልጆቿ ስትል ዝም ብላ ኖረች» የምንለው ነገር ቻይንኛው «ወይለ ኻይዝ፣ ታ ዪጅ ዌይቹ ቺዩቹዌን» ይሆናል። ድሮ እንደ ጨዋነት ነበር የሚታየው፣ አሁን ወጣቶቹ ሲሉት ትችት አለበት፣ «ምን አስገደዳት» የሚል ቃና።

ወጥመዱ ግን ይሄ ነው፣ እዚ ውስጥ ያለችው ቹ ሌላ ፊደል ናት። የምትጠማዘዝ፣ ጠመዝማዛ ማለት የሆነችዋ፣ በ3ኛ ቶን ስትነበብ ዘፈን ማለት የምትሆነዋ ናት። እዚ ጋ 1ኛ ቶን ናት፣ ሙሉ ትነበባለች። ቻይኖች ራሳቸው እየተሳሳቱ በኛዋ ቹ ይፅፏታል፣ ስለዚ ፈተና ላይ ትክክል አድርጋችሁ ከፃፋችሁ ከብዙ ቻይናዊ በለጣችሁ ማለት ነው።

ስቴፕ 8፦ ዛሬ የት ትሰማለች

ዊቻት ላይ ዌይቹ የምትባል ፊት አለች፣ ልታለቅስ ነው አታለቅስም የምትመስል። ወጣቶች «ዌይቹ ባባ» ይላሉ፣ ባባ ስትጨመርባት ነገሩ ቀልድና መሞላቀቅ ይሆናል፣ ፍቅረኛው ሜሴጅ ሳይመልስለት አንድ ሰአት የቆየ ልጅ የሚልከው አይነት። በእውነት የተጎዳ ሰው ባባን አይጨምርም፣ ተጠንቀቁ፣ አለቃችሁ ሆድ ብሶት ሲያወራችሁ ዌይቹ ባባ ብላችሁ እንዳትመልሱ።

ሌላው ዌይቹ ጂያንግ ነው፣ የዌይቹ ሽልማት። ቀልድ አይደለም። ኸናን ክፍለ ሀገር ሹቻንግ ከተማ ላይ የተነሳው ፓንግ ዶንግላይ የሚባለው የሱፐርማርኬት ድርጅት በዚህ ይታወቃል፣ ሰራተኛው ስራውን በደንብ እየሰራ ደንበኛ ከሰደበው ወይ ካዋረደው ለሱ ብር ይሰጡታል። ይሄን ሽልማት አማርኛ ላይ «የበደል ካሳ» ብትሉት ፍርድ ቤት ይመስላል። መልሶ መሳደብ እየቻለ ለስራው ሲል ለዋጣት ነገር ነው የሚከፈለው። ቃሏን ከዚ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ መፅሀፍ ላይ አላገኘሁም።

ልምምዱ እንዲህ ነው። ከራሳችሁ ህይወት ሆድ የባሳችሁን ሶስት ቀን አስታውሱ፣ አንዱ ከልጅነት፣ አንዱ ከትምህርት ቤት ወይ ከስራ፣ አንዱ ከቅርብ ሰው። ለእያንዳንዱ ሁለት አረፍተ ነገር ብቻ በቻይንኛ ስሩ፣ አንዱ ምን እንደሆነ፣ ሁለተኛው «ወ ጁዌደ ኸን ዌይቹ» ወይ «ወ ሾውለ ዪ ዱዝ ዌይቹ»። በስልካችሁ ቅረፁትና መልሳችሁ ስሙት፣ ኸን ወደ ላይ ወጥታለች ወይ? ዌይ ታች ቀርታለች? ቹ ላይ ከንፈር ሾሏል? ከዛ የአማትና የምራት ድራማ ፈልጋችሁ እዩ፣ ቻይኖች ይሄ አይነት ድራማ ሞልቷቸዋል፣ አንድ ክፍል ሳያልቅ ዌይቹን ትሰሟታላችሁ፣ በሰማችሁ ቁጥር አቁማችሁ ስሜት ናት ወይስ ትህትና ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

ጋሼን ደግሞ ከዛ ቀን በኋላ በደንብ አስረዳኋቸው። ማናጀሩ ምን ማለቱ እንደነበረ፣ መልሱም «ቡ ዌይቹ» እንደሆነ ነግሬ አስጠናኋቸው፣ ሁለቴ ሶስቴ ደጋገሙት፣ አነጋገራቸው ከኔ ይሻል ነበር። ከወራት በኋላ ሌላ ኮንቴይነር ዘገየ፣ ጋሼ እንደገና እሁድ ገቡ፣ ማናጀሩ መጥቶ እጃቸውን ይዞ «ዌይቹ ኒን ለ» አላቸው። እኔ ለማስተርጎም አፌን ስከፍት ጋሼ በእጃቸው አስቆሙኝና ቀጥ ብለው አይኑን እያዩ «ኸን ዌይቹ!» አሉት። በጣም! ማናጀሩ መጀመሪያ ደነገጠ፣ ከዛ ሳቁ መጣ፣ የኦቨርታይሙን ፎርም ግን በዛው ሳምንት ፈረመ።